ስምንቱ ሽቦዎች

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ ሰልፍ ይዤ ቆሜ ሳለ አንድ ሽታ መጣብኝ። የቀለጠ ሊድና የጋለ ሙጫ ሽታ ነው። የማያውቀው ሰው ፕላስቲክ የተቃጠለ ይመስለዋል፤ ለእኔ ግን የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ የነበርኩበት ጊዜ ሽታ ነው። ዞር ስል ተራ የደረሰው ሚኒባስ የበሩ የውስጥ ሽፋን ተነቅሎ ሹፌሩ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ጠጉሩ መሸበት የጀመረ፣ አርባውን ያለፈ ሰው ነው። በአንድ እጁ ካውያ፣ በሌላው ስፒከር ይዞ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ቪዲዮ እያየ ሽቦ ይበይዳል። ሰልፈኛው ያጉረመርማል። እሱ ግን ቪዲዮውን ወደ ኋላ እየመለሰ፣ እንደገና እያየ፣ ቀስ ብሎ ይሠራል። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም አፈረና "እናቴ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ አምስት ደቂቃ ናት" አለኝ። "ችግር የለም የኔ ልጅ፤ ግን ሁለቱን ሽቦ የት የት አሰርከው?" አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ነጠላ ለብሻለሁ፤ በፌስታል ጎመንና ቲማቲም ይዣለሁ። "ሁለቱም ወደ ቴፑ ነው የሚመለሱት እናቴ፤ ሰውዬው እንደዚያ ነው የሚለው" ብሎ ስልኩን አሳየኝና ሳቀ። "ያውቁበታል እንዴ?" እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ትንሽ አውቅበታለሁ አልኩት።

አምስት ደቂቃ ያላት ሃያ ሆነች፤ ቅር አላለኝም። ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ጉልበቷን የሚያማት ጡረተኛ ሰልፍ ላይ ካልተነጫነጨች ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሄዷል ማለት ነው። የእኔም ሄዶ ነበር። አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ድልድዩ ሲወርዱ ጥጉ ላይ የነበረችው የጋሼ ሸምሱ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበርኩ።

ጋሼ ሸምሱ ከስልጤ የመጡ፣ ቁመተ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ነጋዴ ነበሩ። የባትሪ ድንጋይ፣ አምፖል፣ ካሴት፣ የመኪና ቴፕና ስፒከር ይሸጣሉ። በግራቸው ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው ይሰፋሉ፤ በቀኛቸው ወፍጮ ቤት ነበር፤ ስለዚህ በረንዳው ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ሲመሽ ዱቄት ለብሶ ይገኛል፣ የእኔን ጭንቅላት ጨምሮ። እኔ ክር ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ክፍል ውስጥ የተቃጠለ ሞተር እያጠነጠንኩ ደመወዝ አገኛለሁ። ከፈረቃ ስወጣ ሰማያዊ ቱታዬን ሳላወልቅ፣ ሸራ ጫማዬን እንዳጠለቅሁ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ እልና ከሱቁ ቴፕ ለሚገዙ ባለ ታክሲዎች እገጥማለሁ። ነገሩ የተጀመረው እንዲሁ በዋዛ ነው። አንድ ቀን የባትሪ ድንጋይ ልገዛ ብገባ የጋሼ ሸምሱ ገጣሚ ጠፍቶባቸው አንድ ሹፌር ይጮህባቸዋል። "ልየው እስቲ" አልኩ። አየሁት፤ አንድ ሽቦ ነበር የተበጠሰው። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ ሸምሱ አንድ ዱካና አንድ የተንጋደደ ጠረጴዛ አወጡልኝ፤ በቃ፣ ገጣሚያቸው ሆንኩ።

የዚያን ጊዜ ታክሲ ዋጋ ስንት ነበር ቢሉኝ ከአቃቂ ሳሪስ ሳንቲም ይመለስልን እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው። ኦርጅናል ካሴት አሥራ አምስት ብር ገደማ ነበር፤ ቅጂው በግማሽ ዋጋ ይገኛል፤ ሹፌሮቹ ሁሉ ቅጂ ይገዙና ኦርጅናል ነው ብለው ይምላሉ። ሴቱ ሰፊ ቀሚስና ባለ ትልቅ ትከሻ ሹራብ ይለብሳል፤ ወንዱ ጂንስ ሱሪ ካገኘ እስኪነጣ ድረስ አያወልቀውም። ተሳፋሪ መኪና የሚመርጠው በዘፈን ነበር። ባዶ መኪና ፊቱ ቆሞ "ያኛው ይምጣ፣ ያኛው ቴፕ አለው" ብሎ የሚጠብቅ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እህቴ ራሷ አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው ለመስማት ስትል መውረጃዋን አልፋ ቃሊቲ ድረስ ሄዳ በእግሯ ተመልሳለች። ስለ ቃሊቲ ካነሳሁ አንድ ነገር ልናገር። የማረሚያ ቤቱ የጥየቃ ቀን ስንቅ በዘንቢል የያዙ እናቶች ሲሳፈሩ፣ የትኛውም ሹፌር ይሁን፣ ማንም ሳይነግረው ቴፑን ዝቅ ያደርጋል። ወርደው ሲጨርሱ ነው ከፍ የሚያደርገው። እነዚያ አፈ ክፉ ሹፌሮች ይህን ሲያደርጉ ባየሁ ቁጥር እወዳቸው ነበር።

አፈ ክፉ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሴት ልጅ መኪና ውስጥ ተንበርክካ ሽቦ ስትጎትት ማየት ለእነሱ ነፃ ትርኢት ነበር። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ይሰበሰባሉ። አንዱ "ዘኒ፣ ወጥ እንዳያርርብሽ!" ይላል፤ ሌላው "ከዘፈኑ ጋር ጨው ጨምሪበት" ይላል። ዘነበች ነው ስሜ፤ ዘኒ ያሉኝ እነሱ ናቸው። እኔም መልስ አላጣም ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ቃላቸው እጄን እንደሚያጠነክረው፣ ልቤን ደግሞ እንደሚያስፈራው አልነግራቸውም። አንድ ቀን ብሳሳት ስህተቱ የእኔ ብቻ እንደማይባል፣ "ሴት" እንደሚባል አውቅ ነበር።

በሙያችን ደግሞ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ገጣሚ የሆነ ሰው ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ወረቀት ባለ መኪናው ፊት አይገልጥም። ወረቀት የገለጠ አያውቅም ማለት ነው፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቃሊቲ ይደርሳል። እኔ እንዲያውም ካርቶኑን ገና ሲከፈት ወደ ኋላዬ ነበር የምገፋው። ዛሬ ያ ሹፌር ሰልፈኛ ሁሉ እያየው ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሲማር፣ ሳያፍር ወደ ኋላ እየመለሰ ሲያይ፣ ደስታዬን እንዴት ልናገር? እኛ ያን ያህል ዘመን ለኩራት ብለን በጨለማ ስንዳስስ ኖርን።

ለነገሩ የድሮው ቴፕ ወረቀት አያስፈልገውም ነበር። ለእያንዳንዱ ስፒከር አንድ ሽቦ ከቴፑ ይወጣል፤ የስፒከሩ ሌላኛው ጫፍ ቅርብ ከሆነው የመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል፣ ቦዲ ይያዛል። ኤሌክትሪኩ በብረቱ ዞሮ ይመለሳል። በዚህ መንገድ የገጠምኳቸው ታክሲዎች ብዛት እኔም አላውቀውም፤ አንዱም ተመልሶ መጥቶብኝ አያውቅም። እጄ ዓይኔን ሳይጠይቅ ይሠራ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጊዜው ተለዋወጠና ፋብሪካው ሠራተኛ ሊቀንስ ነው የሚል ወሬ ገባ። መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ክፍል፣ ከዚያም ውስጥ መጀመሪያ ሴቶቹን ተባለ። አባቴ ሞተው እናቴና ሁለት ታናናሾቼ በእኔ እጅ ነበሩ። ፋብሪካው ቢሸኘኝ የምቀመጥበት ሌላ ቦታ ያቺ ዱካ ብቻ ነበረች። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ እንጀራዬ ባይሆንም እንኳ ያን ሥራ እወደው ነበር። ዝም ያለ መኪና ድምፅ ሲያወጣ ሰው ልጅ የተወለደለት ያህል ፊቱ ይበራል፤ ያን ፊት ማየት ሱስ ሆኖብኝ ነበር።

እንግዲህ ታዴ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ታደሰ የአቃቂ–ሳሪስ መስመር ሹፌር፣ የመኪናው ባለቤት፣ በጠራራ ፀሐይ የቆዳ ጃኬት የሚለብስ፣ ማበጠሪያ ከኋላ ኪሱ የማይለየው ሰው ነበር። ከሚያሾፉብኝም ድምፁ ከሁሉም ይበልጣል። ጋሼ ሸምሱን ከዱባይ አስመጡልኝ ብሎ ሲለምናቸው ከርሞ በመጨረሻ ዕቃው መጣ። አቃቂ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ቴፑ የራሱ አምፕሊፋየር ውስጡ አለው። ስፒከሮቹ ደግሞ ተለያይተው ነው የሚመጡት፤ ለበሮቹ ሁለት ትልልቅ፣ ለመስኮቱ ጥግ የጠርሙስ ክዳን የምታህል ሁለት ትንንሽ፣ ከዚያ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ለትልቁ፣ ቀጭኑን ለትንሿ እየለየች የምትልክ ሳጥን ለየበሩ አንድ አንድ። ልብስ ሰፊዎቹ ሳይቀሩ ሥራ አቁመው መጡ።

ከቴፑ ጀርባ ስምንት የስፒከር ሽቦ ወጣ። ነጭ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ፤ እያንዳንዱ ደግሞ ጥቁር መስመር ያለበት መንትያ አለው። እጄ ቆመ። የለመድኩት አራት ነው፤ ስምንት ምን ይሠራል? ወረቀቱ ካርቶኑ ውስጥ፣ ከጉልበቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ሰባት ስምንት ሹፌር ትንፋሹን ይዞ ያየኛል። "ምነው ዘኒ፣ ፈዘዝሽ?" አለ ታዴ። "ቀለሙ አምሮኝ ነው" አልኩት፤ ሳቁ። ከዚያ ለራሴ አሰብኩ። መስመር ያለባቸው ኔጌቲቭ ናቸው፤ ኔጌቲቭ ደግሞ መቼም ቦዲ ነው የሚያዘው፤ ስለዚህ አራቱን አንድ ላይ ጠምዝዤ ከብረቱ ጋር አሰርኳቸው። የቀሩትን አራት በየስፒከሩ አደረስኩ፣ የፊቶቹን ለአዲሶቹ፣ የኋላዎቹን ከኋላ ለነበሩት የድሮ ስፒከሮች። ቴፑ ተከፈተ፤ ዘፈኑ ወጣ። ትንሽ ሻከር ብሎኛል። አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይፍታታል አልኩ። ታዴ መሪውን በመዳፉ እየመታ "እጅሽ ይባረክ!" አለኝና ሰው ጭኖ፣ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ሳሪስ በረረ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የኮራሁበት ጊዜ የለም።

በረንዳውን ስጠርግ ነው ካርቶኑ የተገለበጠው። ወረቀቱ ወደቀ። ሰው ስለሌለ ገለጥኩት። እንግሊዝኛዬ ያን ጊዜም ዛሬም ያው ነው፤ ሥዕሉ ግን ትርጉም አያስፈልገውም። በአንደኛው ሥዕል ከስፒከሩ ሁለት ሽቦ ቀጥታ ወደ ቴፑ ይመለሳል፤ ባለ መስመሩ ነጭ ከነጩ፣ ባለ መስመሩ ግራጫ ከግራጫው ጋር፣ ለየራሱ። በሁለተኛው አንዱ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ታስሯል፤ እሱ በትልቅ ኤክስ ተሰርዟል። የዚህ ቴፕ አምፕሊፋየር በሁለቱም ሽቦ ኃይል ይልካል፤ አንዱም ቦዲ መንካት የለበትም። እኔ አራቱን አስነክቻለሁ። ወረቀቱን ቱታዬ ኪስ ከትቼ ታዴን መንገድ ላይ ለማስቆም እስከ ድልድዩ ሮጥኩ። አላገኘሁትም። ተመልሼ ስደርስ መኪናው ሱቁ በር ላይ ቆሟል፤ ዘፈን የለም።

"ሸምሱ! ውጣ እስቲ!" ይላል ታዴ። ጋሼ ሳይል የማይጠራቸውን ሰው ነው። "አሮጌ ዕቃ ነው አዲስ ብለህ የሰጠኸኝ? ሳሪስ ሳልደርስ ሸተተኝ፣ ከዚያ ጭጭ! መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ የለም!"

"ወላሂ ታዴ፣ ካርቶኑን የከፈትኩት አንተው ፊት ነው" አሉ ጋሼ ሸምሱ።

ሌሎቹ ሹፌሮች እንደ ልማዳቸው ከበቡ። አንዱ ድሮም የዚህ ሱቅ ዕቃ አያስተማምንም አለ። ሌላው ከሁለት ዓመት በፊት የገዛው የእጅ ባትሪ ትዝ አለው። እንዲህ እያለ የሰውዬው የስንት ዓመት ስም በአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ተሰጣ። እሳቸው ግን ሌላውን ሁሉ ትተው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። "ዕቃዬን ስደቡ፤ ግዴለም። የገጠመችው ዘኒ ናት፤ የሷን እጅ ግን አውቀዋለሁ። እሷ አትሳሳትም።"

ይህን ባይሉ ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። አልዋሽም፤ ዝም ማለት አሰኝቶኝ ነበር። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ከእኔ በቀር ያየው የለም። ዕቃው ተበላሽቶ መጣ ይባላል፤ ጋሼ ሸምሱ ይከስራሉ፤ እኔ ዱካዬ ላይ እቀመጣለሁ። ብናገር ግን ያቺ ዱካ አለቀላት፤ እናቴም፣ ታናናሾቼም፣ ያ የሚበራው የሰው ፊትም። ሁሉንም በአንዴ አየሁት። ወረቀቱን አወጣሁ።

"ጋሼ፣ ዕቃው ደህና ነበር" አልኩ። "እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ሽቦዎቹን ቦዲ አስነካሁ፤ ወረቀቱ ላይ አታስነኩ ይላል፤ አላነበብኩትም።"

ሳቁ ወጣ። "አላልኳችሁም?" የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ስለነበር ማን እንደሆነ አላየሁም። ታዴ ግን አልሳቀም። ወረቀቱን ተቀብሎኝ አገላብጦ አየው።

"ዝም ብትዪ ማን ያውቅ ነበር?" አለኝ።

"ጋሼን አሮጌ ዕቃ ሻጭ ስትላቸው ቆሜ መስማት አቃተኝ" አልኩት።

ጋሼ ሸምሱ ወደ ውስጥ ገቡ። ዱካዋን ሊያስገቡ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ይዘው የወጡት ግን ሌላ ካርቶን ነው፤ የዚያው ቴፕ ቢጤ፣ ለሌላ ሰው ያስመጡት። ከሹፌሮቹ አንዱ ቶሎ ብሎ "ከቃሊቲ አንድ ወንድ ገጣሚ ላምጣ" አለ።

"ለምን?" አለ ታዴ። "እሷ ትግጠመው። እዚህ ከቆምነው ውስጥ በምን እንደሚቃጠል የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።" ከዚያ ወደ ጋሼ ሸምሱ ዞሮ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ።

እንባዬን በቱታዬ እጅጌ ጠረግሁና ሁሉም እያዩኝ ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ዘረጋሁት። ከብረቱ ጋር ያሰርኳቸውን አራቱን ፈትቼ የተቃጠለውን ቴፕ አወጣሁና አዲሱን አስገባሁ። እያንዳንዱን ሽቦ ከነመንትያው ይዤ የፊቶቹን ወደ ሳጥኗ፣ ከሳጥኗ ወደ ትልቁና ወደ ትንሿ፣ የኋላዎቹን ቀጥታ ወደ ድሮዎቹ ስፒከሮች ወሰድኩ፤ አንዱም ብረት እንዳይነካ ጫፉን ሁሉ በፕላስተር ጠቀለልኩ። ትልልቆቹን ከማሰሬ በፊት የባትሪ ድንጋይ ለአፍታ አስነክቼ አየኋቸው። የስፒከሩ የሚርገበገበው ሸራ ወደ ፊት ከገፋ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ላይ ነው፤ የአንዱ በር ስፒከር ወደ ፊት የሌላው ወደ ኋላ ከሄዱ ግን ወፍራሙን ድምፅ እርስ በርስ ያጠፋፉታል። ይህን ስሠራ ሳቁ ቀርቶ አንገቶች ወደ ውስጥ ገብተው ነበር። አንዱ "ይሄ ሥዕል ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ አስረዳሁት። ታዴ ከፈተው። መጀመሪያ ከበሩ የክራሩ ወፍራም ክር ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ ከመስኮቱ ጥግ የማሲንቆው ቀጭን ድምፅ ጆሯችን ሥር ደረሰ፤ ከዚያ በፊት የሰማነው ሁሉ በግድግዳ ጀርባ የነበረ መሰለን። ልብስ ሰፊዎቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ሸምሱ የተቃጠለውን ቴፕ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝና "ውሰጂው፣ ተማሪበት" አሉኝ።

ተማርኩበትም። ፋብሪካው በዓመቱ ሲሸኘኝ ያ ቴፕ ተጠግኖ እቤቴ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ይዘፍን ነበር። በረንዳው ላይ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ሠርቼ ታናናሾቼንም የራሴንም ልጆች አስተማርኩ። ዛሬ ሱቁ በነበረበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ወፍጮ ቤቱም ልብስ ሰፊዎቹም የሉም። የጋሼ ሸምሱ የልጅ ልጅ ምድር ቤቱ ላይ ስልክ ትሸጣለች፤ ባለፍኩ ቁጥር ገብቼ እስማታለሁ። ይህ ሁሉ የሆነው ግን በማግስቱ ከሆነው ነገር ተነስቶ ነው፤ እሱን ሳልነግራችሁ ብቀር ወሬዬ ጎዶሎ ነው።

ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት ነገሩ እንዳበቃ አምኜ ነበር። ታዴ ከአዘነልኝ አዘነልኝ፤ ሌላው ግን መኪናውን ለአቃጣይ አይሰጥም። አቃቂ ደግሞ ወሬ አያድርባትም። በማግስቱ ጠዋት ከማታ ፈረቃ ወጥቼ ወደ በረንዳው ስወርድ ዱካዬንና ጠረጴዛዬን ወደ ውስጥ ላስገባ ብቻ አስቤ ነበር የሄድኩት። ጥጉን ስታጠፍ ሦስት ታክሲ ሱቁ ፊት ተሰልፏል። የመጀመሪያውን ሹፌር አላውቀውም፤ የሌላ መስመር ሰው ነው። በመስኮቱ አንገቱን አወጣና ቱታዬን አየ።

"የታዴን ቴፕ ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩት።

ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ሰጠኝ።